ኮባ ላይ የተመደቡ ቃላት

«አላነሳም ብያለሁ እኮ፣ ቲቸር።»

«ምክንያትሽን ንገሪኝና ተዪው።»

«የክርስቲያን ቅርጫ ነው። እኔ ከክርስቲያን ቅርጫ አልካፈልም።»

«ዘይነባ፣ ልጄ፣ ወረቀት እኮ ነው። ሥጋ የለበትም።»

«ወረቀት መሆኑማ ይታየኛል። ቅርጫ ያሉት ግን እርስዎ ነዎት። በሬ ገዛን አሉ፣ አረድን አሉ፣ ኮባ አነጠፉ፣ እጣ አምጡ አሉ። እኔ በየት በኩል ልግባ?»

ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተሾመ፣ ቀልድ ሳይናገር ከዋለ የሚያመው ልጅ፣ «ቲቸር፣ ለሷ ቀንዱን ይስጧት፤ ቀንድ አይበላ፣ ምን ችግር አለው» አለ። ሳቅን። ሑዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር ሥጋ ከተነሳ በትንሹም በትልቁም እንስቅ ነበር። ዘይነባ ግን አልሳቀችም። የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ተነሳች፣ በአግዳሚዎቹ መካከል አልፋ ወጣች። የቆርቆሮውን በር ክፍት ትታው ነው የሄደችው። ነፋስ ገባና ኮባው ላይ በየመደቡ የተቀመጡትን የወረቀት ቁርጥራጮች እርስ በርሳቸው ቀላቀላቸው። አስተማሪያችን ቲቸር አስካለ ተንበርክከው ይለቅሟቸው ጀመር። ከመሃላችን ማንም ለመርዳት አልተነሳም፤ ሳቃችን ገና ፊታችን ላይ ነበር፣ የት እንደምንጥለው አላወቅንም።

ዓመተ ምሕረቱን ከጠየቃችሁኝ እርግጠኛ አይደለሁም። የማስታውሰው የድሮው ባቡር ከቆመ በኋላ፣ አዲሱ ከመምጣቱ በፊት እንደነበረ ነው። አቃቂ ጣቢያ አካባቢ በሐዲዱ መካከል ሣር በቅሎ በግ ይግጥበት ነበር፤ እኛም ሁለቱ ብረቶች ላይ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ላለመውደቅ እጅ ለእጅ ተያይዘን ከትምህርት ቤት እንመለስ ነበር። ከሳሪስ ቃሊቲ በታክሲ ሁለት ብር አይሞላም። ሻይ ብር ከሃምሳ፣ ቦንቦሊኖ አንድ ብር፤ ሁለቱንም የገዛ ልጅ ሀብታም ነው። ሚኒባሶቹ ከካሴት ወደ ፍላሽ የተሻገሩበት ሰሞን ስለነበር አንድ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ በሁሉም መኪና ይዘፈናል፤ ዘፈኑ ሳሪስ ላይ ተጀምሮ ቃሊቲ መናኸሪያ ሲያልቅ ትዝ ይለኛል። ወንዶቹ የዩኒፎርም ሱሪያችንን ዝቅ አድርገን እንታጠቃለን፣ ሴቶቹ ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ ያስራሉ። አየሩ የናፍጣ፣ የዘይት ፋብሪካ ፋጉሎና የወንዙ ሽታ ነበረው። ዛሬም ቱሉ ዲምቱ ከሚገኘው ኮንዶሚኒየሜ ወርጄ ወደ ቃሊቲ ስሄድ፣ የታክሲው መስኮት ሲከፈት ያ ሽታ ይገባና ደብተር የያዝኩ ይመስለኛል። በግጥም ምሽቶች ላይ እስካሁን «ወጣቱ ገጣሚ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ እንዲህ ያለው ሽታ ሲመጣ ግን እንደ አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ፊት ለፊቴ ለተቀመጠው ሁሉ «ያኔ እኮ» ማለት ያምረኛል።

ቲቸር አስካለ በሥራ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እኛን የአሥረኛ ክፍል ተፈታኞችን ያለ ክፍያ እንግሊዝኛ ያስጠኑናል። የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ስለነበሩ ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው፤ ክፍላችንም የእድሩ ዕቃ ቤት ነበር። የታጠፈ ድንኳን፣ የተደራረቡ አግዳሚዎች፣ ሰው የሚያክሉ ድስቶች። እድሩ የክርስቲያኑም የእስላሙም ስለነበር ድስቶቹ ሁለት ቦታ ተከምረዋል፤ የእስላሞቹ እጀታቸው ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ድንኳኑ አንድ ነው። ቲቸር አስካለ አጭር፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ግራጫ ኮት የሚለብሱ ሴት ነበሩ፤ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ጠመኔ ስለማይጠፋ የኪሱ አፍ ነጭ ነበር። አንድ ቀን በግዕዝ «አስካል» ማለት የወይን ዘለላ እንደሆነ አነበብኩና ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። «ታዲያ ስሜም የጅምላ ስም ነዋ» ብለው ጠመኔያቸውን ለሁለት ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ። ለምን እንደሰጡኝ ዛሬም አላውቅም፤ ለረጅም ጊዜ ግን አልጻፍኩበትም።

ያን ወር የያዝነው ትምህርት የጅምላ ስም ነበር፦ እንግሊዝኛ ብዙ ነገርን በአንድ ስም የሚጠራባቸው ቃላት። መጽሐፉ ላይ ሰንጠረዥ አለ፤ በግራ ቃሉ፣ በቀኝ የሚጠራው ነገር። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ሰንጠረዡን አስገልብጦን በሃያ ደቂቃ ይገላገል ነበር። ቲቸር አስካለ ግን በዓይናችን ያላየነውን ቃል አያስጽፉንም። ለ«ፍሊት» ቃሊቲ የጭነት መኪናዎቹ ግቢ በር ላይ አቆሙን። አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ ተሳቢዎች እየተከታተሉ ሲወጡ መሬቱ በጫማችን በኩል ያንቀጠቅጠን ነበር። «አንዱ ብቻውን ሲመጣ መኪና ነው» አሉ፣ በጩኸቱ መሃል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንዲህ በአንድ ጌታ ቃል ሲወጡ ግን ፍሊት ነው።» ለ«ኸርድ» ወደ ገበያ የሚነዳ ከብት አስፋልቱን ሞልቶ ሾፌሮቹ ሁሉ ጥሩምባ የሚነፉበትን ሰዓት መረጡ። ለ«ስዋርም» ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር የሰፈረ ንብ ሊያሳዩን ወሰዱን፤ ተሾመ ከንፈሩን ተነድፎ ስለነበር የዚያን ዕለት ትምህርት በጸጥታ ተማርን። ለ«ፍሎክ» ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዙ ዳር ቆመን ነጫጮቹ ወፎች ከየመስኩ ተጠራርተው አንዲት ዛፍ ላይ ሲያርፉ አየን። ዛፏ ያበበች መሰለች።

እኔ ያኔ ግጥም ጀምሬ ነበር። የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም፤ በተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ እየጻፍኩ ለራሴ አነባለሁ። ያ ትምህርት ያበሳጨኝ ነበር። የእንግሊዝኛው ለወፍ ሌላ፣ ለንብ ሌላ፣ ለከብት ሌላ፣ ለዓሣ ሌላ ስም አለው፤ የኛው ለሁሉም መንጋ፣ መንጋ፣ መንጋ። ቲቸር አስካለን «እኛ ድሆች ነን እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሂድና የራስህን ጓዳ ፈትሽ» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ፈተሽኩ። ነዶ አገኘሁ፤ ክምር፣ ዘለላ፣ ጥማድ፣ እስር፣ ጭፍራ፣ ጉባኤ አገኘሁ። የሰው እጅ የነካውን፣ ያጨደውን፣ ያሰረውን፣ የጠመደውን ነገር የኛ ቋንቋ ለየብቻ ይጠራል፤ በሰማይ የሚበርረውንና ያልያዘውን ግን በአንድ ቃል ያልፈዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቋንቋ እጅ እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው። ዛሬ የምጽፈው ሁሉ ከዚያ ሳምንት የወጣ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ከባዱ ነገር ግን ቃላቱ አልነበሩም፤ አጠቃቀማቸው ነበር። «ቲም» ብለን ስናበቃ አንዳንዴ «ኢዝ»፣ አንዳንዴ «አር» የሚመጣው ለምንድን ነው? ቡድኑ አንድ ነው ወይስ ብዙ? ዘይነባ ይህን አጥብቃ ትጠይቅ ነበር። ከሁላችንም ጎበዝ እሷ ናት፤ ከሁላችንም የሚጨንቃትም እሷ ናት። አባቷ ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው ቃሊቲ በመኪና ሥራ የከበሩ ሰው ናቸው፤ ከግቢያቸው በር አጠገብ የመለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ለልጃቸው የነገሯት ግልጽ ነው፤ እንግሊዝኛውን ካለፈች መሰናዶ ትገባለች፣ ከወደቀች ሱቁ ይጠብቃታል። ቅዳሜ ከኛ ጋር የምትቀመጠው ለዚያ ነበር።

ቲቸር አስካለ ለጥያቄዋ መልስ ሲፈልጉ ቆይተው ነው ቅርጫውን ያመጡት። በዓሉ ስለቀረበ፣ ሰፈሩ ሁሉ ማን ከማን ጋር በሬ እንደሚገዛ ስለሚያወራ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አልታያቸውም። «ቅርጫው በሬ ገዛ ስንል ሁሉም አንድ ሰው ሆኖ ነው የሚገዛው፤ ኢዝ ነው። ቅርጫው ሥጋውን ይዞ ወደየቤቱ ገባ ስንል ግን አንዱ ይቀቅላል፣ አንዱ ይጠብሳል፣ አንዱ ከሚስቱ ይጣላል፤ አር ነው» አሉ። በአንድ ጊዜ ገባን። ከዚያ በፍቅር የተዘጋጁበትን አወጡ። ኮባ አነጠፉ። ቃላቱን በትንንሽ ወረቀት ጽፈው፣ እንደ እውነተኛ ቅርጫ እያንዳንዱ መደብ ላይ ከቀላሉም ከከባዱም፣ ከጉበቱም ከሽንፍላውም ብለው አካፍለው ደርድረዋቸዋል። እያንዳንዳችን ምልክት እንሰጣለን፣ እጣ ይጣላል፣ የደረሰንን ቃላት ይዘን ቤት ገብተን ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንመለሳለን። ያማረ ነገር ነበር። ሌሊቱን እንዳልተኙበት ያስታውቃል። ዘይነባም የተነሳችው በዚያው መሃል ነው።

እሷ ከወጣች በኋላ ወረቀቶቹን ለቅመው ጨረሱና ተነሱ፤ ግን ወደ ሰሌዳው አልሄዱም። አረንጓዴ ቀለም የተቀቡትን ድስቶች ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «በየሳምንቱ አያቸዋለሁ» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል። ከዚያ ወደ ተሾመ ዞረው፣ «ቀንዱን ያልከው አንተ ነህ። በሬውን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ» አሉት። ተሾመ መሬት መሬት አየ።

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ ላይ፣ ቀላል ባቡሩ በሚያልቅበት ጣቢያ ዘይነባን አገኘኋት። ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ሦስቱ ሞጆ ይጠብቁ፣ የቀሩት ማታ ይነሱ» እያለች ነበር፤ የአባቷን መኪናዎች ዛሬ የምትመራው እሷ ናት። ስታየኝ ስልኩን ሳትዘጋ ሳቀች። «ክላሱ እንዴት ነው?» አለችኝ። «አር ሆነ» አልኳት፣ «አንዱ ዱባይ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ ተሾመ የታክሲ ባለቤት።» እሷ መንገዱን፣ እኔ እድር ቤቱ የነበረበትን ቦታ አየን። መንገድ ሲሰፋ ፈርሷል፤ ኮባ የተነጠፈበት ቦታ ላይ አሁን የመንገድ መብራት ቆሟል። ቲቸር አስካለ ቱሉ ዲምቱ ልጃቸው ጋ ናቸው፣ አራተኛ ፎቅ፤ ደረጃው ስለከበዳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚመጣውንና የሚሄደውን ሰው ያያሉ። እጃቸውን ካወዛወዙልኝ ያ ቀን ይሳካልኛል።

ያን ጊዜ፣ ዘይነባ ጥላን ከወጣች በኋላ፣ ቤታችን ከጋሽ ሰይድ ግቢ ጋር አጥር ስለሚጋራ ቲቸር አስካለ ወደ ቤቷ መንገድ እንዳሳያቸው የጠየቁት እኔን ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ሄድን። ጋሽ ሰይድ ከመኪና ሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ ጠራርገው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ቲቸር አስካለ ክንዳቸውን ጨበጡ። በረንዳው ላይ አስቀመጡን፤ ዘይነባ ሻይ ይዛ መጣች፣ ለሁላችን ቀዳች፣ ለመሄድ ግን አልቸኮለችም፤ በሩ ጋ ቆመች።

«ልጅዎን እንዲመልሱልኝ ልለምን ነው የመጣሁት» አሉ ቲቸር አስካለ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አጥፍተው ነው? ለኔ እኮ ሱቅ ልግባ ብቻ ነው ያለችኝ። ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሱቁ ሰው ይፈልጋል።»

ቲቸር አስካለ የሆነውን ሁሉ፣ ኮባውን፣ መደቡን፣ ቀንዱንም ሳይቀር ነገሯቸው። ጋሽ ሰይድ እስከ መጨረሻው ሰሙና ሳቅ ያዛቸው። «በኛ አገር» አሉ፣ «ክርስቲያኖቹ ቅርጫ ሲካፈሉ እጣውን የሚጥልላቸው አባቴ ነበር። ይጠሩታል። ለምን? ከሥጋው ድርሻ የለውማ፤ ለራሱ አዳላ አይባል። ምልክታቸውን ሲሰበስቡ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ ከዚያ ዞሮ በየመደቡ ላይ ይጥላል። እሱ ከሌለ አይካፈሉም። ለምን ዘይነባ እጣ ጣይ አትሆንልዎትም?»

የቲቸር አስካለ ፊት በራ። እኔም ሐሳቡን ወደድኩት። ዘይነባ ግን ከበሩ ጋ ሆና፣ «አባዬ፣ አያቴ እኮ ሥጋውን ስለማይበላው ነው» አለች። «እኔ ቃሉን እፈልገዋለሁ። ለሰው ስጥል ልውል ነው?»

ጋሽ ሰይድ ሻያቸውን ፉት አሉና፣ «ይቺን ሱቅ ባስገባት ደንበኛ የሚተርፈኝ አይመስለኝም» አሉ። ቆይተው ግን ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «መምህርት፣ ቅዳሜ ትምጣ። ነገር ግን እንደገና አንገቷን ደፍታ ከተመለሰች አልለምናትም። ሱቅ ናት።»

ስንመለስ ቲቸር አስካለ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። የወትሮ ጥያቄዬን ተውኩት። ሐዲዱን ስንሻገር ቆም ብለው፣ «ልጅቱ ልክ ናት። እንዴት እንደምቆርጠው አላውቅም» አሉ። አስተማሪ አላውቅም ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የሚያስፈራ መስሎኝ ነበር፤ አላስፈራኝም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ያመንኳቸው ይበልጥ ነው።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ሁላችንም ቀድመን ደረስን። ዘይነባ መጨረሻ ገባች፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ደብተሯን አልከፈተችም። ቲቸር አስካለ አዲስ ኮባ አነጠፉ። በላዩ ላይ ግን የተቆራረጠ ነገር አልነበረም፤ አንድ ትልቅ ሙሉ ወረቀት፣ ቃላቱ ሁሉ በጠመኔ በነጣ እጃቸው በትልልቁ የተጻፉበት፣ ከጎኑም መቀስ።

«ባለፈው እኔ ቆርጬ መጣሁ» አሉ። «ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ሳልጠይቅ። ዛሬ አልቆረጥኩትም። እንዴት እንደሚቆረጥም አላውቅም። እናንተ ክላስ ከሆናችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ከውጭ የተሳቢ ድምፅ መጣ፣ ድስቶቹ ተንቀጫቀጩ፣ አለፈ። ዘይነባ የደብተሯን ጠርዝ በጣቷ ታሻለች። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ትነሳ ነበር፤ ጫማዋ ወደ በሩ ዞሮ አይቼዋለሁ።

የተነሳው ተሾመ ነው። ለቀልድ እንደሚነሳው አልነበረም፤ ጆሮው ቀልቷል። ሄዶ መቀሱን አነሳ፣ በስለቱ በኩል ያዘው፣ እጀታውን ለዘይነባ ዘረጋላት።

«አንቺ ቁረጪ» አላት።

አንዱ ከኋላ፣ «እሷ የቆረጠችውን ልትበላ ነው? በጾም?» አለው።

«ቃል ጾም አይፈታም» አለ ተሾመ። «ቀንዱን ደግሞ እኔ እወስዳለሁ። ለኔ ነው የሚገባው።»

ዘይነባ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ሳትስቅ ለመቆየት ስትታገል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ተሸነፈች። መቀሱን ተቀብላ ኮባው ፊት ተንበረከከች። ስትቆርጥ ቀጥ ያለ መስመር ነው የምትሄደው፤ የጨርቅ ነጋዴ እንኳ እንደዚያ አይቆርጥም። ከቀላሉም ከከባዱም እያካፈለች መደቡን ደረደረች፣ ወደኋላ ብላ አየችው፣ ከአንዱ አንስታ ለአንዱ ጨመረች። ቲቸር አስካለን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«እጣችሁን አምጡ» አለች።

አመጣን። ቁልፍ፣ ቁራጭ እርሳስ፣ ጠጠር፣ ከሹራብ የተነቀለ አዝራር። ተሾመ የስልኩን ሲም ካርድ አውጥቶ ሰጠ። እኔ ያልጻፍኩበትን ግማሽ ጠመኔዬን ከኪሴ አወጣሁ። መጨረሻ ላይ ዘይነባ የሻሿን መርፌ ቁልፍ ነቀለችና የተፈታውን ሻሽ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው መርፌ ቁልፏን ከኛው ጋር ልትጨምር ዘረጋች፤ እጇን ግን አየር ላይ አቆመችው።

«ማነው የሚጥለው?» አለ አንዱ።

«ድርሻ የሌለው» አለች ዘይነባ። አሁን ነው ቀና ያለችው። «ቲቸር፣ እርስዎ ብቻ ነዎት ድርሻ የሌለዎት። ግን የማን ምልክት የቱ እንደሆነ አይተዋል። እንደገና ልንሰበስብ ነው፤ ምልክታችንን እንለውጣለን። እስክንጠራዎት ይውጡልን።»

ከተማሪዎቻቸው «ይውጡ» ተብለው የማያውቁ ሴት፣ ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ጨመሩ። ግራጫ ኮታቸውን አስተካከሉ። ሁላችንንም ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ አዩን፤ ወፎቹ ያረፉባትን ዛፍ ያዩበት ዓይን ነበር። ዘይነባ «ቶሎ በሉ፣ ውጭ ፀሐይ ነው» እያለች ሁላችንንም ወደ ኮባው ሰብስባ ስትጎትተን፣ ቲቸር አስካለ ወጡና የቆርቆሮውን በር ከኋላቸው ገጥመው ዘጉት።